የወገብ መርፌን የሚያግዙ መድኃኒቶች፦ ከአምፑሉ እስከ ንጋት

ልጁ ወጥቶ አልቅሷል። እናትየው ፈገግ ብላለች። ሰርጀኑ ማህፀኗን ለመስፋት ወደ ውጭ ሲያወጣው ግን ፊቷ ይቀየራል። «እናትዓለም፣ ምን ሆንሽ?» ስትሏት «አንጀቴን ጎተታችሁት» ትላለች። ቆዳዋን ብትቆነጥጧት አይሰማትም። እግሯም አይነሳም። ስፓይናሉ፣ ማለትም በወገብ የተወጋው ማደንዘዣ፣ በደንብ ይዟል። የጎደለው፣ የሆድ ዕቃ ሲሳብ የሚመጣውን ሕመም የሚያስታግሰው ትንሽ ጭማሪ ነው።

የምጽፈው ስለዚያች ጭማሪ ነው። በጎጃም ሆስፒታሎች ለምትሠሩ የአኔስቴዥያ ባለሙያዎች ነው የምጽፈው። በተለይ ገና ተመርቃችሁ ቢቸና፣ ደጀን፣ ሞጣ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ለተመደባችሁ። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ስትማሩ አጠገባችሁ ሲኒየር ነበር። አሁን በሌሊት ስትጠሩ ብቻችሁን ናችሁ። ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች ለአዋቂ ናቸው። የሆስፒታላችሁ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ያዙ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ረዳት መድኃኒት የሚመረጠው ቀዶ ጥገናውን ብቻ አይቶ አይደለም። ሌሊቱን በሽተኛዋ አጠገብ ማን ነቅቶ እንደሚያድር ታይቶ ነው።

አንደኛ፦ በሽተኛዋንም ሌሊቱንም እዩ

ከሩቅ ቀበሌ የመጣች እናት ግማሹን መንገድ በቃሬዛ፣ ግማሹን በአምቡላንስ ተጉዛ ይሆናል። በሁዳዴ ከሆነ ደግሞ በጾም የደከመ ሰውነት ይዛ ነው የምትደርሰው። «ውኃ የጠጣሽው መቼ ነው? ሽንትሽስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እየደማች ከሆነ፣ ልቧ እየፈጠነ ግፊቷ እየወረደ ከሆነ፣ ጥያቄው ምን ልጨምር አይደለም። ያኔ ስፓይናል ራሱ አይገባም።

ስፓይናል በሚገባበት ሰው ላይ ደግሞ ለሞርፊን የማይሆኑትን ለዩ። ሲተኛ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም የሚል፣ በጣም የወፈረ፣ የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ዳያዜፓም የተሰጠው። ለፕሮስቴት የሚመጡ አባቶች ብዙዎቹ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። ለእነሱ እጃችሁ ይቆጠብ።

ከዚያ ወደ ዋርዱ ሂዱ። ዛሬ ማታ ስንት ነርስ አለ? ፐልስ ኦክሲሜትሩ፣ የደም ኦክስጅን መለኪያው፣ ይሠራል? የሞርፊን ማርከሻው ናሎክሶን አለ? ስቶር ውስጥ ሳይሆን ዋርዱ ውስጥ። መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ምርጫው ግማሽ መንገድ አልቋል።

ሁለተኛ፦ ምረጡ

ለእኛ አካባቢ የመጀመሪያው ምርጫ ፌንታኒል ነው። በዚህ አልከራከርም። በስብ በቀላሉ ስለሚሟሟ ከተወጋበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ በፍጥነት አከርካሪው ውስጥ ይገባል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሥራውን ይጀምራል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ያን «አንጀቴን ጎተታችሁት» የሚያሰኝ ስሜት በደንብ ይቀንሳል። ማቅለሽለሹንም፣ መንቀጥቀጡንም ያለዝባል። ዋናው ማደንዘዣ፣ ቡፒቫኬኑ፣ ላይም መቀነስ ያስችላል፤ ይህ ለግፊት ትልቅ ጥቅም ነው። መጠኑ ከ10 እስከ 25 ማይክሮግራም ነው። እኔ ለሲኤስ፣ በቀዶ ጥገና ለማዋለድ፣ 15 እይዛለሁ። ችግሩ ማሳከክ ነው። «ገላዬን በላኝ» ትላችኋለች። አስቀድማችሁ ከነገራችኋት አትደነግጥም።

ሞርፊን ሌላ ዓለም ነው። ሰው ላይ በዚህ መንገድ መሰጠት ከጀመረ ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ እናቶችን ከሕመም አሳርፏል። ከ100 እስከ 150 ማይክሮግራም ብቻ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሕመም ያስታግሳል። እናትየው ያለ ስቃይ ልጇን አቅፋ ታጠባለች፤ ማታውን ተነስታ ትቀመጣለች። የሚሟሟው ግን በውኃ ነው። ስለዚህ በአከርካሪው ፈሳሽ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ ወደ አንጎል ይወጣል። እዚያ ሲደርስ ትንፋሽን የሚያዘገየው ከ6 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጠዋት ብትወጓት አደጋው ማታ ይመጣል። ማታ ብትወጓት ደግሞ ሌሊቱን፣ ወይም ጠዋት ዲዩቲ ሲቀያየር። ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው ከሌለ ሞርፊኑን ተዉት። ይህን ስል ልቤ እያዘነ ነው፣ ምክንያቱም ሕመምን እንደሱ የሚያስታግስ ሌላ መድኃኒት የለንም። ግን ተዉት።

አድሬናሊን በየሆስፒታሉ አለ። ከ100 እስከ 200 ማይክሮግራም ሲጨመር ማደንዘዣው ይረዝማል፣ በተለይ እግር ላይ። ፌንታኒል ባለቀ ጊዜ፣ ቀዶ ጥገናውም ሊረዝም ይችላል ብላችሁ ስትሰጉ ይጠቅማል። እግሯ ግን ቶሎ አይመለስም፤ ሽንትም ሊዘገይ ይችላል። ለዘመዶቿ ንገሯቸው፤ አለዚያ «ሽባ አደረጓት» የሚል ወሬ መንደር ይደርሳል።

ክሎኒዲንና ዴክስሜዴቶሚዲን ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ጋ አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ማደንዘዣውን ያረዝማሉ፤ ትንፋሽ ላይ ያላቸው ጫና ከሞርፊን ያንሳል። ግፊትና የልብ ምት ግን ያወርዳሉ። ዴክስሜዴቶሚዲን በጥናት ብዙ ጊዜ የታየው 5 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። ለወገብ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም። ሲኒየር አጠገባችሁ ከሌለ አትጀምሩት።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ኬታሚን፣ ሚዳዞላም፣ ኒዮስቲግሚን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ማግኒዥየም፤ ሁሉም ላይ ጥናት ተሠርቷል። የእኔ ምክር ወገብ ውስጥ አታስገቧቸው ነው። የኬታሚኑና የሚዳዞላሙ ጣጣ አብሯቸው ያለው ማቆያ ኬሚካል ነው፤ ነርቭ ይጎዳል። ኒዮስቲግሚን ክፉኛ ያስታውካል። ዴክሳሜታዞን 8 ሚሊግራም በደም ሥር ስትሰጧት ማስታወኩንም ሕመሙንም ይቀንስላታል፤ ወገብ ውስጥ ምን አመጣው? ማግኒዥየማችን ደግሞ ለኤክላምፕሲያ የምናውቀው 50 በመቶው ነው። 0.1 ሲሲ 50 ሚሊግራም ይይዛል። እጅ ትንሽ ካዳለጠ መጠኑ እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ አምፑሉን አንብቡ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

ወገብ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም መድኃኒት ማቆያ ኬሚካል፣ ማለትም ፕሪዘርቫቲቭ፣ የሌለው መሆን አለበት። ካርቶኑ ላይ ቤንዛይል አልኮሆል፣ ሜታይል ፓራቤን፣ ክሎሮቡታኖል ወይም ፌኖል የሚል ካያችሁ መልሱት። ለብዙ ሰው የሚቀዳ ባለ ጎማ ክዳን ቫያል አብዛኛውን ጊዜ ማቆያ አለበት። ስለዚህ ቀላሉ ሕግ ይኼው፦ ከቫያል ተቀድቶ ወደ ወገብ የሚሄድ የለም። አንድ አምፑል ለአንድ ሰው፤ የተረፈው ይጣላል። መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ይህን ማድረግ እንደሚያም አውቃለሁ። ማጅራት ገትር ግን ከዚያ በላይ ያማል።

ሁለተኛው ነገር መመሳሰል ነው። የአንዳንድ ኩባንያዎች ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም መፍሰስ የሚቀንሰው) አምፑል ከቡፒቫኬን ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሁለቱም ሲኤስ ላይ ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ አንድ ትሪ ላይ ይቀመጣሉ። በስህተት ወገብ የተወጋ ትራኔክሳሚክ አሲድ ኃይለኛ የጀርባና የእግር ሕመም፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መዛባት ያመጣል፤ ይገድላልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ትራኔክሳሚክ አሲዱን ከአኔስቴዥያ ትሪው አውጡት። ሌላ ጠረጴዛ፣ ብትችሉ ሌላ ክፍል ይሁን።

አምፑሉን ረዳታችሁ ይያዘው። እናንተ ጓንት አድርጋችሁ ቅዱ። ከመቅዳታችሁ በፊት ስሙን፣ ጥንካሬውንና ማብቂያ ቀኑን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ እሱም ይድገመው። ሰርጀኑ እየተቻኮለ ቢያያችሁም አንብቡ። ይህን የሚቃወም ሰርጀን አላጋጠመኝም።

አራተኛ፦ ለኩ

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የምንጨምረው ከግማሽ ሲሲ ያነሰ ስለሆነ በ5 ሲሲ ሲሪንጅ በዓይን መገመት አይቻልም። የ5 ሲሲ ሲሪንጅ አንዷ መስመር 0.2 ሲሲ ናት። ፌንታኒል ላይ አንድ መስመር ስትሳሳቱ 10 ማይክሮግራም ተሳሳታችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ የኢንሱሊን ሲሪንጅ ተጠቀሙ፤ በየፋርማሲው አለ። መጀመሪያ ግን ጎኑን እዩ። ዩ-100 የሚል ከሆነ 100 መስመሩ 1 ሲሲ ነው፤ እያንዳንዱ ዩኒት 0.01 ሲሲ ይሆናል። ዩ-40 የሚል ከሆነ 40 መስመሩ ነው 1 ሲሲ። በዩ-100 ስሌት ለምዳችሁ ዩ-40 ላይ «30» ብትሉ፣ የቀዳችሁት 0.3 ሳይሆን 0.75 ሲሲ ነው። ሳጥኑ አንድ ዓይነት ቢመስልም በየቀኑ አንብቡት።

ፌንታኒል በ1 ሲሲ 50 ማይክሮግራም ነው። 15 ማይክሮግራም ስትፈልጉ 0.3 ሲሲ፣ በዩ-100 ላይ 30 ዩኒት። ለ20 ደግሞ 0.4፣ ለ25 ደግሞ 0.5 ሲሲ። ምንም ማቅጠን አያስፈልገውም፤ አንዱ ጥሩነቱ ይኼ ነው።

አድሬናሊን 1 ሲሲው 1 ሚሊግራም ከሆነ፣ 100 ማይክሮግራም ማለት 0.1 ሲሲ፣ በዩ-100 10 ዩኒት ነው።

ሞርፊን ላይ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ እጃችን የሚገባው በ1 ሲሲ 10 ሚሊግራም የያዘው ነው። የምንፈልገው 0.1 ሚሊግራም ነው፤ የአምፑሉ አንድ መቶኛ። በቀጥታ ሊለካ አይችልም። ማቆያ የሌለው መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ሁለት ጊዜ አቅጥኑ። 1 ሲሲ ሞርፊን በ9 ሲሲ ሳላይን፤ አሁን 1 ሲሲው 1 ሚሊግራም ሆነ። ከዚያ 1 ሲሲ ብቻ በሌላ ንጹሕ ሲሪንጅ ቀድታችሁ እንደገና በ9 ሲሲ ሳላይን፤ አሁን 1 ሲሲው 100 ማይክሮግራም ሆነ። ሳላይኑ አዲስ የተከፈተ አምፑል ይሁን። ከተንጠለጠለው ግሉኮስ ወይም ከትናንት ከረጢት አትቅዱ። የመጀመሪያውን ሲሪንጅ ሁለተኛው እንደተዘጋጀ ወዲያውኑ ጣሉት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ተመሳሳይ የውኃ ቀለም ሲሪንጅ ከቀረ፣ አንዱ የሌላው አሥር እጥፍ ነው። ሁለተኛ ሰው ሳያይላችሁ ይህን አታድርጉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ባታደርጉት ይሻላል፤ የደከመ ዓይን ዜሮ ይዘላል።

አምስተኛ፦ አቀላቅሉና ውጉ

ለሲኤስ ሁለት ሲሲ ሄቪ ቡፒቫኬን፣ ማለትም 10 ሚሊግራም፣ ከ0.3 ሲሲ ፌንታኒል ጋር ለአብዛኞቹ እናቶች ይበቃል። ያለ ፌንታኒል ቢሆን እስከ 2.5 ሲሲ እንሄድ ነበር። ለቡአ ወይም ለእግር ሥራ ከ2.5 እስከ 3 ሲሲ። ለፕሮስቴት ለመጡት አባት 2 ሲሲ ገደማ ከ20 ወይም ከ25 ማይክሮግራም ፌንታኒል ጋር፤ ግፊታቸው ያመሰግናችኋል።

ለመቀላቀል ቡፒቫኬኑ ያለበትን የ5 ሲሲ ሲሪንጅ አፉን ወደ ላይ አድርጉና ፕላንጀሩን ትንሽ ሳቡ። የኢንሱሊኑን መርፌ በአፉ አስገብታችሁ ጨምሩበት። አየሩን ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ ጠብታ እንዳይፈስ፣ የፈሰሰው ጠብታ መጠን ነው። ሄቪው በግሉኮስ የከበደ ስለሆነ፣ ውኃ የሚመስል ፈሳሽ በበዛበት ቁጥር ክብደቱ ይቀንሳል፤ አካሄዱም ይቀየራል። ጭማሪው ከ1 ሲሲ አይብለጥ የምለው ለዚህ ነው።

አወጋጉን ታውቁታላችሁ፤ አላስረዝመውም። ከወገብ አጥንት ሦስትና አራት መካከል ወይም ከዚያ በታች፣ ባገኛችሁት ቀጭን መርፌ። ፈሳሹ ጥርት ብሎ ሲወርድ ትንሽ ሳቡ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ለነፍሰ ጡሯ ወደ ግራ ማጋደሉን አትርሱ።

ስድስተኛ፦ ጠረጴዛው ላይ

የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ግፊት በየ1 ወይም በየ2 ደቂቃው ለኩ። ማስታወክ የሚከላከለው ኦንዳንሴትሮን 4 ሚሊግራም ካላችሁ ከመውጋታችሁ በፊት ስጧት። ግፊት የሚያነሱት ፌኒሌፍሪን ወይም ኤፌድሪን በሌሉበት ቦታ አድሬናሊን 1 ሚሊግራም በ100 ሲሲ ሳላይን አቅጥኑ፤ 1 ሲሲው 10 ማይክሮግራም ይሆናል። ግማሽ ወይም አንድ ሲሲ በደም ሥር እየሰጣችሁ ግፊቱን ተከተሉ። ከረጢቱ ላይ በትልቁ ጻፉበት።

የደነዘዘበትን ከፍታ በአልኮል ጥጥ ሞክሩ። ትከሻዋ ላይ «ቀዘቀዘሽ?» ብላችሁ ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። ለሲኤስ ቅዝቃዜው እስከ ጡት ጫፍ ድረስ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ቢላዋ አይነሳ። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን፦ በደንብ ያልያዘን ስፓይናል ፌንታኒል አያድነውም። ጥሩውን ያሻሽላል እንጂ ያልሠራውን አይሠራም። መሃል ላይ ሕመም ከመጣ እመኗት። «ትንሽ ነው፣ ቻይው» አይባልም። ሰርጀኑ ይቁም። ልጁ ከወጣ በኋላ ከሆነ ፌንታኒል በደም ሥር፣ ወይም ኬታሚን በኪሎ ሩብ ሚሊግራም ያህል ሞክሩ። ካልበቃ ሙሉ ማደንዘዣ ስጡ፤ ሽንፈት አይደለም።

ስለ ብርዱ ደግሞ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ጮቄ ሥር ያሉት ወረዳዎች ከዚያም ይብሳሉ። ሐምሌ ላይ ኦፕሬሽን ክፍል የገባች እናት ጥርሷ ሲንገጫገጭ የስፓይናሉ ብቻ አይደለም። ግሉኮሱን ለብ ባለ ውኃ ባልዲ ውስጥ አሙቁት። ደረቷን በጋቢ አልብሱ። ካልተወ ፔቲዲን፣ የሞርፊን ዘመድ የሆነው፣ 25 ሚሊግራም በደም ሥር፤ ወገቧ ውስጥ ሞርፊን ካለ ግን ፔቲዲኑ ይቅር።

ሰባተኛ፦ ሌሊቱ

በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ለአንዲት እናት ሞርፊን በወገብ ሰጠሁ። ቀዶ ጥገናው ያማረ ነበር። እኔ ግን የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም። ዋርዱ እንደ ልማዱ በየስድስት ሰዓቱ ፔቲዲን ጡንቻዋ ላይ ሰጣት። ማታ ሳያት ትንፋሿ በደቂቃ 7 ነበር። ስጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ጨፈነች። ናሎክሶን ነበረን፤ ተረፈች። የነርሷ ጥፋት አልነበረም፣ የእኔ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ቦታ እጽፋለሁ። ካርዱ ላይ፣ ትእዛዙ ላይ፣ አልጋዋ ራስጌ ላይ በፕላስተር፦ «ሞርፊን በወገብ፣ መጠን፣ ሰዓት፤ እስከ 24 ሰዓት ፔቲዲን፣ ትራማዶል፣ ዳያዜፓም አይሰጥ።»

ቆጠራው እንዲህ ይሁን። ለመጀመሪያ 12 ሰዓት በየሰዓቱ፣ ከዚያ እስከ 24 ሰዓት በየ2 ሰዓቱ ትንፋሽና ንቃት። አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። ንቃቷን አስቀድሙ፤ ትንፋሽ ከመዘግየቱ በፊት የሚመጣው ድብታ ነው። ትንፋሿ ከ10 ካነሰ ወይም ስትጠሯት ካልነቃች ቀስቅሷት፣ ኦክስጅን አድርጉ፣ ናሎክሶን ቅዱ። 0.4 ሚሊግራሙን 4 ሲሲ አድርጉት፤ 1 ሲሲው 100 ማይክሮግራም ነው። በየ2 ወይም 3 ደቂቃው 1 ሲሲ እየሰጣችሁ እዩ። ከነቃች በኋላ ጥላችኋት አትሂዱ። ናሎክሶኑ ቀድሞ ያልቃል፤ ሞርፊኑ ይቀራል።

ለሚያሳክካት ሴት የአለርጂ መድኃኒት ብዙም አይረዳም፤ መነሻው አለርጂ ስላልሆነ። የፌንታኒሉ በራሱ ይተዋታል። የሞርፊኑ ከበረታ ኦንዳንሴትሮን ሞክሩ፣ ካልሆነ በጣም ትንሽ ናሎክሶን።

ሞርፊን ያልሰጣችኋትንም በሕመም አታሳድሯት። መንገድ ተዘግቶ ስቶር ባዶ ሲሆን ይህ የሁላችን ፈተና ነው። ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፤ ኩላሊቷና ደም መፍሰሷ ከፈቀደ ዳይክሎፌናክ። ሰርጀኑ ሲጨርስ ቁስሉ ዳር ተራ ቡፒቫኬን ይውጋላት፤ በኪሎ ከ2 ሚሊግራም እንዳያልፍ፣ ወገብ የገባውንም ደምሩ። ሕመም ሲመጣ ሳይሆን በሰዓቱ ይሰጣት።

አንድ ሰው ግን ሁሌም አለን፤ አስታማሚዋ። ጋቢዋን ለብሳ አልጋው ሥር የምታድረው እናት ወይም አማት ናት። ቁጭ ብዬ አነጋግራታለሁ። «እማማ፣ ልጅዎ ዛሬ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አግኝታለች። ቢያሳክካት አይደንግጡ። ደረቷን ይዩልኝ። ጠርተዋት ካልመለሰች፣ ወይም ትንፋሿ ቆም ቆም ካለ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ፣ ነርሷን ይጥሩ።» ከዚያ ያልኩትን መልሰው እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። ይህ የነርሷን ቆጠራ አይተካም፤ ሁለተኛ ዓይን ነው። እነዚህ እናቶች ያልናቸውን አይረሱም። አንዷ ጠዋት «ሌሊቱን ሙሉ ደረቷን ሳይ አደርኩ፣ አልጋውን ይዤ» ብለውኛል።

ጠዋት ስትዞሩ አራት ነገር ጠይቁ፦ ሕመሟን፣ ማሳከኩን፣ እግሯንና ሽንቷን። ራስ ምታት ካለባት ስትቀመጥ ይብስ እንደሆነ እዩ። መልሱን ከሰጣችሁት መጠን ጎን በአንድ ደብተር ጻፉ። ከሃያ ሰላሳ እናቶች በኋላ ለምትሠሩበት ሆስፒታል 0.3 ወይስ 0.4 ሲሲ እንደሚሻል ከደብተሩ ታገኙታላችሁ።